ከሦስተኛ ፎቅ የታየ ቲማቲም

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልተናገርኩም፤ ለእናቴ አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህች ጋ ስደርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ አልፌዋለሁ። እናንተ ደግሞ አሁን ወንበራችሁን ጠጋ አድርጋችሁ የወንድ ነገር እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። አዝናለሁ። ነገሩ የሽንኩርት ነው። ቲማቲምም አለበት።

በእኔ ትዝብት የአዲስ አበባ ሰው በሁለት ይከፈላል። ሀብታምና ድሃ የሚባለውን ተዉት፤ እሱ ሌላ ነው። አንደኛው ወገን ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ መሄድ የሚችል ሰው ነው። ይህ ሰው ተራውን ከዳር እስከ ዳር "ይሄስ? ያኛውስ?" እያለ ይወርዳል፤ ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ "አልበዛም?" ይላል፣ ሦስት እርምጃ ሲሄድ ሻጩ ይጠራዋል፣ ተመልሶ ደግሞ ይሄዳል፣ ቤቱም ሲገባ ምሳውን በደንብ ይበላል። ሁለተኛው ወገን እኔ ነኝ። እኔ "ስንት ነው?" ካልኩ ገዛሁ ማለት ነው። ሻጩ አፉን ከፍቶ ከመለሰልኝ በኋላ ያን ድካሙን ከንቱ አድርጌ መሄድ አንጀቴ አይችልም። በዚህ ጠባዬ የተነሳ ቤቴ ውስጥ አንድ ቁጥር የሚጠበኝ ጫማ አለ፤ የወንድ ጃንጥላ አለ፤ የመኪና ወንበር ልብስ አለ። መኪና የለንም።

ለዚህ በሽታ ሕዝባችን ያዘጋጀው መድኃኒት እንዳለ አልጠፋኝም። "ዞሬ እመጣለሁ" ይባላል። ሻጩ እንደማትመለሱ ያውቃል፤ እናንተም ታውቃላችሁ፤ ሁለታችሁም ተከባብራችሁ ትለያያላችሁ። እኔም አንድ ቀን ሳሪስ አቦ ለአንዲት መጋረጃ ሻጭ እንደምንም ብዬ "ዞሬ እመጣለሁ" አልኳት። ቤቴ ገብቼ ምሳ ስበላ ግን ሴትዮዋ መንገድ መንገዱን እያየች የምትጠብቀኝ እየመሰለኝ እህሉ አልወርድ አለኝ። በሁለት ታክሲ ተመለስኩ። ረስታኛለች። "ጠዋት ዞሬ እመጣለሁ ያልኩሽ ነኝ" ስላት የደነገጠችው ድንጋጤ እስከ ዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። በንግድ ዘመኗ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት የሚያውቅ አይመስለኝም። መጋረጃውን ገዛሁት። ለመስኮታችን አጭር ነው።

ሥራዬ ለዚህ ጠባይ የተፈጠረ ነው። የተማርኩት ኬሚስትሪ ሲሆን፣ ቃሊቲ ካሉት ፋብሪካዎች ሳሙና በሚያመርት አንዱ ውስጥ የጥራት ቁጥጥር ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። ብልቃጥ አያወራም። ሳሙና "ትወስጂያለሽ ወይስ አትወስጂም?" አይልም። ቀኑን ሙሉ እለካለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እፈርማለሁ፤ ከዚያ በሰርቪስ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም፣ ወደ ሦስተኛ ፎቋ ቤቴ እመለሳለሁ።

እንግዲህ ባቡሩ ቃሊቲ ድረስ መመላለስ በጀመረ በዓመቱ ግድም፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ብዙም ሳይርቅ በአንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ላይ ሱፐርማርኬት ተከፈተ። ስሙን አልጠራውም፤ እሱ ምንም አላጠፋም። መጀመሪያ የገባሁ ቀን ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን ተቀብሎ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ሰጠኝ፤ አንድ ቃል አልተናገረም። ከዚያ ወዲያም ማንም አላናገረኝም። የእያንዳንዱ ዕቃ ዋጋ ከሥሩ በወረቀት ተለጥፏል። አንስቼ፣ አገላብጬ፣ ጀርባውን አንብቤ መልሼ ባስቀምጠው የሚቀየመኝ የለም። ምስር አይቀየምም። ቲማቲሙ በነጭ ሳህን ተደርድሮ በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ከላይ ያሉት ቀይ፣ ከሥር ያሉት አረንጓዴ መሆናቸውን ያወቅሁት ቤቴ ገብቼ ስፈታው ነው። ይቅር አልኩት። ስለ ዝምታው ስል ይቅር አልኩት።

ያ ዘመን፣ እንደምታስታውሱት፣ ሰው ሁሉ በአንድ ለአምስት የሚደራጅበት ዘመን ነበር። ፋብሪካው በአንድ ለአምስት፣ ተማሪው በአንድ ለአምስት፣ የኮንዶሚኒየም ሴቱም በአንድ ለአምስት። የኛ የብሎኩ ሴቶች መሪ አስቴር ነበረች፤ ከእኔ በር ፊት ለፊት ትኖራለች፣ ድምጿ ሦስት ፎቅ ያለ ማይክሮፎን ይወርዳል፣ ልቧ ግን ጥሩ ነው። መሪ ከሆንሽ ዕቅድ ታቀርቢያለሽ፤ ዕቅዱ ደግሞ ከአምናው የተለየ መሆን አለበት። የአምናው ዕቅዳችን "ግቢ ማስዋብ" የሚል ነበር። ሦስት አበባ ተክለን የጎረቤት በግ በልቶብናል። ስለዚህ አስቴር ሰብስባን፣ ዘንድሮ የኑሮ ውድነትን በጥናት ነው የምንመክተው አለች። የየሳምንቱን አስቤዛ ከየት ብንገዛ እንደሚያዋጣ፣ ዋጋውም ጥራቱም ተነጻጽሮ ይቀርባል። አራት ቦታ ይታያል፤ የቃሊቲው ሱፐርማርኬት፣ የሸማቾች ሱቅ፣ የሳሪስ አቦ ገበያና ከብሎካችን ሥር ያለችው ጉልት። ማን ያጥናው ሲባል የሁሉም ፊት ወደ እኔ ዞረ።

"ሰኒ ጥራት ቁጥጥር ላይ አይደል የምትሠራው?" አለች አስቴር። "ደግሞ አፏ ቁጥብ ነው፤ የማታውቀውን አታወራም።"

የሳሙና ጥራት ነው የምቆጣጠረው አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እኔ ስናገር ሁልጊዜም እንደዚያው ነው። ሁለት ሳምንት ተሰጠኝ።

ሥራዬን ከሱፐርማርኬቱ ጀመርኩ፤ ግማሽ ቀን ፈጀሁበት። የፓስታውን፣ የመኮሮኒውን፣ የዘይቱን፣ የእንቁላሉን፣ የሽንኩርቱን ዋጋ ከነክብደቱ ጻፍኩ። እንቁላሉን ብርሃን ላይ ይዤ አየሁት። ግማሽ ኪሎ ምስር ገዝቼ ቤቴ ስመለስ ትሪ ላይ ዘርግቼ ጠጠሩን ቆጠርኩ፤ ሁለት ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ የጥናቱ ክፍል የትም ላቦራቶሪ ቢቀርብ አያሳፍርም። ከዚያ ሸማቾች ሄድኩ። ሸማቾች ዋጋውን በሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋሉ፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግማሹ ዕቃ ፊት ለፊት "የለም" የሚል ተጽፎበታል፤ "የለም" የሚለውንም በታማኝነት ገለበጥኩ። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ነኝ።

ሦስተኛው ሳሪስ አቦ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሸሚዜን ለብሼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ የአትክልት ተራው ውስጥ ገባሁ። የምለውን ታክሲ ውስጥ ተለማምጄዋለሁ፤ "እንደምን አደራችሁ፣ ለጥናት ነው፣ ሽንኩርት ስንት ነው?" የሚል ነው። አንዲት ነጋዴ ፊት ቆሜ ደብተሬን ስከፍት፣ ከጎኗ ያለችው ሚዛኗን በነጠላዋ ሸፈነች። ቀጥሎ ያለው ሰውዬ ብድግ ብሎ ሄደ። ከወዲያኛው ጫፍ አንዱ "መጡ" ሲል ሰማሁ፤ ማን እንደመጣ ለማየት እኔም ዞር አልኩ። ለካ የመጣሁት እኔ ነኝ። መነጽር አድርጋ ደብተር የያዘች ሴት ገበያ ውስጥ ከታየች ወይ ከግብር ነች ወይ ከንግድ ቁጥጥር። ፊት ለፊቴ ያለችው ነጋዴ፣ ፊቷ ተለዋውጦ፣ ንግድ ፈቃዷን ቤት ረስታው እንደመጣች ትምልልኝ ጀመር። ምን ልበላት? "አይዞሽ" ብያት ደብተሬን ከድኜ ወጣሁ። ተራው ጫፍ ላይ አንድ ሽማግሌ በግድ አራት ሙዝ አስያዙኝ። በሕይወቴ ጉቦ የበላሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጥሩ ሙዝ ነበር።

ቀረች ጉልቷ።

ጉልቷ የአዴ ጫልቱ ናት። "አዴ" በኦሮምኛ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ሰፈራችን ውስጥ ኦሮምኛ የማንችለውም እንደዚሁ ነው የምንጠራቸው። ከብሎካችን መግቢያ ጎን፣ ቀለሙ በለቀቀ ትልቅ ጃንጥላ ሥር፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ቃሪያ ይሸጣሉ። ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት ቦታው የባለቤታቸው ቤተሰብ የሽምብራ ማሳ ነበር። ይህን የሚነግሯችሁ ሳይማረሩ ነው። እንዲያውም አንድ ቀን በጣታቸው ወደ መኝታ ቤቴ መስኮት እያሳዩ፣ ከሽምብራው ሁሉ በደንብ ይይዝ የነበረው እዚያ ሥር ያለው ነው አሉኝ፤ ደህና ቦታ እንደደረሰኝ ሊያስደስቱኝ ፈልገው።

ታዲያ እሳቸውን ዋጋ መጠየቅ ለምን አቃተኝ? ገላን ከገባሁ ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሁለቴ ሰላም ብያቸዋለሁ። ሰላምታቸው የሰላምታ ያህል ነው፤ ስለ ጤናዬ፣ ስለ እናቴ ወገብ፣ ስለ ባለቤቴ ሥራ አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። "ኢንታላ ኮ" ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ነገር ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከእሳቸው አንድ ራስ ሽንኩርት ገዝቼ አላውቅም። መጀመሪያ አንድ ቀን ዋጋ መጠየቅ አፍሬ አለፍኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ትናንት ባለመጠየቄ አፈርኩ። በዓመቱ ያልጠየቅሁባቸው ቀኖች ተጠራቅመው ግንብ ሆኑብኝ። ከቃሊቲ የምገዛውን ሽንኩርት በጥቁር ፌስታል፣ ፌስታሉን ደግሞ በቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ነበር በፊታቸው የማልፈው። አሁን ደብተር ይዤ ፊታቸው ብቆም፣ "ይህች ልጅ እስከ ዛሬ ወጥ የምትሠራው በምንድን ነው?" አይሉም?

ስለዚህ ሳይንሳዊ ዘዴ ቀየስኩ። በረንዳዬ ልክ በጃንጥላቸው ትይዩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልብስ የማሰጣ መስዬ ቆሜ፣ ገዢዎቹ ስንት ብር ሰጥተው ስንት መልስ እንደሚቀበሉ አይቼ ዋጋውን ለማስላት ሞከርኩ። ብር መሆኑ ይታያል፤ ስንት መሆኑ አይታይም። ያንኑ አንድ አንሶላ አራት ጊዜ አሰጣሁት። በአራተኛው አዴ ጫልቱ ቀና ብለው አይተው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔም አወዛወዝኩላቸውና ገባሁ።

ሁለቱ ሳምንት አለቀ። ለማንም ያልተናገርኩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው።

ቁጭ ብዬ ፈጠርኩት። በማስመሪያ ባሰመርኩት ሠንጠረዥ፣ በሚያምረው የእጅ ጽሕፈቴ፣ የሳሪስ አቦንም የአዴ ጫልቱንም ዋጋ ከራሴ አውጥቼ ሞላሁት። ክፋት አስቤ አልነበረም። ትንሽ ነጋዴ ትንሽ ትንሽ ስለሚያመጣ ይወደድበታል ብዬ ገመትኩና በሱፐርማርኬቱ ዋጋ ላይ ሁለት ሁለት ብር ጨመርኩ። "ጥራት" በሚለው ዓምድ ሥር ለሱፐርማርኬቱ "ከፍተኛ"፣ ለአዴ ጫልቱ "መካከለኛ" ብዬ ጻፍኩ። ቲማቲማቸውን የመረመርኩት ከሦስተኛ ፎቅ ነው። ፋብሪካ ውስጥ አንዲት ብልቃጥ ሳልመረምር ፈርሜ የማላውቀው ሴት፣ የሰው እንጀራ ላይ ሲሆን በግምት ፈረምኩ። ፈረምኩ እንኳ አይባልም፤ ከሥሩ የጻፍኩት "የጥናት ኮሚቴ" የሚል ነው። ኮሚቴው እኔ ነኝ።

እሁድ ከሰዓት በኮሙናሉ፣ ሠርጉም ልቅሶውም ስብሰባውም በሚሆንበት የጋራ ቤታችን፣ ጥናቱን አቀረብኩ። ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሴቶቹ መንቀጥቀጤን የነገሩ ክብደት አድርገው ወሰዱት። በምስሩ ውስጥ ሁለት ጠጠር መገኘቱን ሳነብ አንዷ አንገቷን እየነቀነቀች "እንዲህ ነው የተማረ" ስትል ሰማኋት። ጥያቄ ያለው ሲባል አንድ እጅ አልወጣም። በጭብጨባ ጸደቀ። አስቴር አስተይባ ደረጃው መግቢያ ላይ ለጠፈችው። ወረቀቱ ወረዳ ድረስ ሄዶ "ምርጥ ተሞክሮ" ተባለ፤ ከሌሎች ብሎኮች ሰዎች እየመጡ ገለበጡት። ባለቤቴ መስፍን እንግዳ በመጣ ቁጥር "ደረጃው ላይ ያለውን ወረቀት አያችሁት? የሷ ሥራ ነው" ይል ጀመር። እኔ ወደ ኩሽና እገባለሁ። ትሕትና ይመስለዋል።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው የብሎካችን ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው በሚኒባስ ወደ ቃሊቲ መሄድ ጀመሩ። የታክሲው ሒሳብ ጥናቱ ውስጥ የለም። አስታውሰው ይሆናል፤ ነገር ግን በጥናት ከተረጋገጠ ነገር ጋር ማን ይጣላል? ደግሞ መውጣቱን ወደዱት። ጋሪውን እየገፉ፣ የማይገዙትን ሽቶ እያሸተቱ፣ ግማሽ ቀናቸውን ደስ ብሏቸው ያሳልፋሉ።

የአዴ ጫልቱ ነገር ግን ይታየኝ ነበር፤ በረንዳዬ ትይዩ ነው ብያችኋለሁ። ድሮ ቅዳሜ እስከ ምሳ ድረስ የሚያልቀው ሽንኩርት አሁን ፀሐይ እስክትጠልቅ ይቀመጣል። ቲማቲሙ መጀመሪያ ቆዳው ተጨማደደ፤ ቀጥሎ ቁጥሩ ቀነሰ። ቃሪያ ማምጣት አቆሙ። ከዚያ ድንችም ቀረ። ሰላምታቸው ግን አልቀነሰም፤ የእናቴን ወገብ አንድ ቀን እንኳ አልረሱትም። ሰላምታውን ማሳጠር የጀመርኩት እኔ ነኝ። እየሮጥኩ አልፋለሁ፤ ሰርቪሱ እንዳያመልጠኝ መስሏቸው "ቀስ በይ፣ ትወድቂያለሽ" ይሉኛል።

አንድ ዓርብ ከሥራ ስመለስ ጠሩኝ። ባዶ ሳጥን ገልብጠው እንድቀመጥ ሰጡኝና፣ "ሰኞ ጃንጥላዬን አጥፌ ዱከም ልጄ ጋ መሄዴ ነው" አሉ። የልጃቸው ቤት ጠባብ መሆኑን፣ ምራታቸው ደግ ብትሆንም ሁለት ሴት በአንድ ማጀት እንደማይመች ነገሩኝ፤ ግን ምን ይደረግ፣ ገበያው ጠፋ አሉ። እኔ ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ የቀረውን ቲማቲም እቆጥር ነበር። ከመሄዳቸው በፊት ግን አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋሉ። ደረጃው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ስለ እሳቸው ይናገራል ተብለዋል፤ ራሳቸው ማንበብ አይችሉም፤ ማን ጻፈው ብለው ሲጠይቁ "ኮሚቴው" ይሏቸዋል፤ አንብቡልኝ ሲሉ ሁሉም ይቸኩላል።

"አንቺ ዛሬ አትቸኩዪም" አሉኝ። "የተማርሽም ነሽ። አንብቢልኝ፣ ኢንታላ ኮ።"

ሄደን ወረቀቱ ፊት ቆምን። የራሴን ሠንጠረዥ፣ በራሴ ድምፅ፣ ለእሳቸው አነበብኩላቸው።

"ሽንኩርት። ሱፐርማርኬት አሥራ አምስት ብር። ጉልት አሥራ ሰባት ብር።"

"ጉልት ማን ናት?"

"እርስዎ ነዎት።"

"አሥራ ሰባት?" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ ከጥምቀት ወዲህ በአሥራ ሦስት ነው የምሸጠው። በአሥራ ሰባት ብሸጥማ ይኼኔ እኔም ፎቅ ላይ ነበርኩ።"

ሲተየብ የተሳሳተ ይሆናል አልኳቸው። ጥፋቴን ታይፒስቷ ላይ ጣልኩት ማለት ነው፤ ያችን ምስኪን አይቻት እንኳ አላውቅም። ቲማቲሙን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ አነበብኩ። "መካከለኛ" ምን ማለት ነው አሉ። ደህና፣ መጥፎ ያልሆነ ማለት ነው አልኩ። የሱፐርማርኬቱስ ምን ይላል? ከፍተኛ ይላል።

አዴ ጫልቱ ወረቀቱን የሚያነቡት ይመስል አፈጠጡበት።

"አንድ አይሱዙ ነው ለሁለታችንም የሚያመጣው" አሉ። "ከታች፣ ከእርሻው ሲመጣ መጀመሪያ ለእኔ ያወርዳል፣ ከዚያ ቃሊቲ ለነሱ ያደርሳል። እንግዲህ ከፍተኛ የሚሆነው መንገድ ላይ ነዋ።"

ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር። አልሳቅሁም። ወደ ጃንጥላቸው ስንመለስ ነው ያችን ያሏት፤ "የጻፈው ሰው መጥቶ ቢጠይቀኝ እኮ እነግረው ነበር። ምን ያስፈራል? ጅብ ነኝ እንዴ?"

"እኔ ነኝ" ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው "ደህና ያምሹ" የሚል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ለመጨረሻ ላቆየውና፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የሚያስቀው እሱ ስለሆነ። ደረጃው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጠፈ። ጉልት፣ ሽንኩርት አሥራ ሦስት፣ ቲማቲም አሥራ አንድ፣ ጥራት ከፍተኛ። አስቴር ስታየው ሦስቱን ፎቅ ሮጣ ወጥታ አቀፈችኝ። "አየሽ ሰኒ፣ ጥናታችን ዋጋ አስወረደ" አለችኝ። ቀጥሎ በነበረው ስብሰባ ላይ፣ በተደረገው ጥናትና ጥብቅ ክትትል ጉልቷ ሽንኩርትን ከአሥራ ሰባት ወደ አሥራ ሦስት ብር ዝቅ እንዳደረገች ሪፖርት ቀረበ፤ ተጨበጨበ። ተነሥቼ "ዋጋው ድሮም አሥራ ሦስት ነበር" ማለት እችል ነበር። አስቤበታለሁም። ግን ያን ያህል ሴት ደስ ብሎት ሲያጨበጭብ መሀል መግባት ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ ከመሄድም የባሰ ሆነብኝ። ወረዳም ለሁለተኛ ጊዜ ምርጥ ተሞክሮ አለው። ውሸቴን አጨበጨቡለት፤ እውነቱንም አጨበጨቡለት፤ ሁለቱን የለየ ሰው አላጋጠመኝም። ሴቶቹ ወደ ጃንጥላው ተመለሱ፤ ቃሪያው ተመለሰ፣ ድንቹ ተመለሰ። አዴ ጫልቱ ዱከም የሚሄዱት ለበዓል ብቻ ሆነ፤ ምራታቸውም እንደዚያ ሲሆን ይበልጥ ትወዳቸዋለች አሉ።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ጠዋት።

ነጭ ሸሚዜን አልለበስኩም። መነጽሬን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ደረጃውን ስወርድ ተለማመድኩ፤ በሦስተኛው ፎቅ "ሽንኩርት"፣ በሁለተኛው "ስንት"፣ በአንደኛው "ነው"። ምድር ስደርስ ሦስቱም ጠፍተውኝ ነበር። አዴ ጫልቱ ጃንጥላቸውን ተክለው የቀራቸውን ሽንኩርት እየደረደሩ ነው። ሰላምታችን ሙሉውን ሄደ፤ ጤናዬ፣ የእናቴ ወገብ፣ የመስፍን ሥራ። ካለቀ በኋላ ግን እንደ ልማዴ አላለፍኩም። ቆምኩ። እሳቸውም መደርደራቸውን ቀጠሉ።

"አዴ፣ ሽንኩርት ስንት ነው?"

እጃቸው ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ቀና ብለው አላዩኝም።

"አሥራ ሦስት" አሉ።

ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩ። ቲማቲምስ? አሥራ አንድ። ያንንም ጻፍኩ። ይኼኔ ከክምሩ አንዱን ቲማቲም መርጠው መዳፌ ላይ አኖሩት።

"ያዢው" አሉኝ። "ጫን ጫን አድርጊው። አገላብጪው። ከላይ ሆኖ አይታይም።"

ከዚያች ከአንሶላዬ ቀን ጀምሮ ያውቁ ኖሯል። በረንዳዬን ቀና ብዬ ማየት አላስፈለገኝም፤ ጀርባዬ ላይ ይሰማኝ ነበር። ፊቴ ከቲማቲሙ ብሶ እንደቀላ እርግጠኛ ነኝ። እሳቸው ግን ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ። ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ። ቲማቲሙን ጫን ጫን አደረግሁት፤ አገላበጥኩት፤ አሸተትኩት። ጠንካራ ነው፣ ከሥሩም ቀይ ነው። "ከፍተኛ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ቲማቲሙን መልሼ ቦታው አስቀመጥኩና "ዞሬ እመጣለሁ" አልኳቸው። ከመጋረጃ ሻጯ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋጋ ጠይቄ ሳልገዛ ሄድኩ።

ቤቴ ወጥቼ በማስመሪያ አዲስ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። ከሥሩ "የጥናት ኮሚቴ" የሚለውን ትቼ ስሜን ጻፍኩ፤ ሰናይት፣ ሦስተኛ ፎቅ። ወርጄ አሮጌውን ወረቀት ቀደድኩ፣ አዲሱን ለጠፍኩ፣ ዘንቢሌን ይዤ ወደ ጃንጥላው ዞሬ መጣሁ። ሁለት ኪሎ ሽንኩርትና አንድ ኪሎ ቲማቲም ገዛሁ። ዋጋ ቀንሱልኝ አላልኩም። ያን ያህል ደግሞ አልተለወጥኩም።